ከደጅ የቆምኩባቸው በዓላት

ስልኩን ያነሳችው ልጅ ድምፅ ገና ከትምህርት ቤት የወጣች ያስመስላታል። "የማህፀን ሐኪም ቀጠሮ ፈልጌ ነበር" አልኳት። ሱቄ ውስጥ ከእኔ በቀር ማንም የለም፤ እኔ ግን እንደ ሌባ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው የማወራው።

"ለእርግዝና ክትትል ነው?"

"አይደለም።"

"ታዲያ ለምንድን ነው?"

ምን ይባላል? አራት ዓመት ሙሉ በየወሩ መታጠቢያ ቤት ተቆልፌ ያለቀስኩትን ነገር በአንድ ቃል ንገሪኝ ትለኛለች። "ለማርገዝ ነው" አልኳት በመጨረሻ። "እሺ የኔ እናት" አለችኝና በቃሏ የያዘችውን ታንበለብለው ጀመር። ከባለቤትሽ ጋር ነይ። ከዚህ በፊት የተመረመርሽው ካለ ውጤቱን ይዘሽ ነይ። የወር አበባሽ የመጣባቸውን ቀኖች፣ የመጨረሻውን ብቻ ሳይሆን ቢቻል ያለፉትን ስድስት ወራት፣ አስታውሰሽ ነይ። አርግዘሽ የወረደብሽም ካለ መቼ እንደሆነ ትነግሪናለሽ።

"እሱ እንኳን የለም" አልኳት። "አንድም ቀን አርግዤ አላውቅም።"

"እሺ፣ ለዶክተሩ ትነግሪዋለሽ" ብላ ዘጋችው።

የመጨረሻውን አውቀዋለሁ፤ ገና መጨረሱ ነው። ከዚያ በፊት ያለው ግን ድብልቅልቅ ያለ ነገር ነው። የእኔ ደግሞ እንደ ሰው በወሩ አይመጣም፤ አንዳንዴ ይዘገያል፣ አንዳንዴ ይቀድማል። ድሮ ስልኬ ላይ የምመዘግብበት አፕ ነበረኝ። ስልኬን መገናኛ ታክሲ ስጋፋ መነተፉኝ፤ አፑም አብሮ ሄደ። አዲሱ ስልክ ላይ መልሼ አልጫንኩትም። ምን ሊረባኝ? በየወሩ ቀይ ነጥብ እያየሁ ልቃጠል?

እውነቱን ለመናገር ሐኪም ቤት ለመሄድ አራት ዓመት የፈጀብኝ ገንዘብ አጥቼ ወይም ጊዜ አጥቼ አይደለም። ፈርቼ ነው። አንድ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው "አንቺ አትወልጂም" ብሎኝ ቢያስወጣኝስ? ካልሄድኩ ማንም አላለኝም። ካልተባልኩ ደግሞ የሚቀጥለው ወር አለ። በዚህ ራሴን ሳታልል ነበር የኖርኩት፤ የሚቀጥለው ወር፣ የሚቀጥለው ወር እያልኩ ሠላሳ አራት ዓመት ሞላኝ።

ቀጠሮ መያዜን የነገርኳት ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ከሱቄ አጠገብ ጫማ የምትሸጥ፣ ሦስት ልጆች የወለደች ጎረቤቴ ነች። እኔ የተማሪ ዩኒፎርም ነው የምሸጠው፤ አዎ፣ ቀኑን ሙሉ የሰው ልጅ ወገብ ስለካ ነው የምውለው፣ ሳቁ ከፈለጋችሁ። ጎረቤቴ እንደሰማች የጫማውን ካርቶን ጥላ መጣች።

"ሱሪ እንዳታደርጊ፣ ስሚኝ። ሱሪ አድርገሽ ከሄድሽ ከወገብሽ በታች ራቁትሽን ነው የምትቆሚው። ሰፊ ቀሚስ ልበሺ፣ ሰብሰብ ታደርጊዋለሽ።"

"እሺ።"

"ሽቶ ምናምን እንዳትነካኪ። በውሃ ብቻ ታጠቢ። ደግሞ ሴት ሐኪም ይሁንልኝ በይ፣ አትፈሪ።"

"ያምማል?"

"ኧረ ምን ያምማል! ያሳፍራል እንጂ። እግርሽን አንሺ ሲልሽ ጣራውን እያየሽ ሌላ ነገር አስቢ። እኔ የቤት ኪራይ ነበር የማስበው፤ ሌላው ሁሉ ይረሳኛል።" ከዚያ እየሳቀች መንገድ ዳር ከዘረጋችው የውስጥ ልብስ ቸርቻሪ ዘንድ ጎትታ ወስዳ አዲስ የጥጥ ሙታንታ አስገዛችኝ። ሙሽራ የምታዘጋጅ ነበር የምትመስለው። እኔም ሳቅሁ፤ ቤቴ ስገባ ግን አልጋው ላይ አስቀምጬ ሳየው ሆዴ ባባ።

ባሌ ደግሞ ሌላው ፈተና ነበር። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው የሚሠራው፤ ደግ ሰው ነው፣ ግን እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ ጫማውን መጥረግ ይጀምራል። "እኔ ምን ላደርግ ነው የምሄደው?" አለኝ ብሩሹን ይዞ።

"ልጁን ብቻዬን ነው እንዴ የምወልደው?"

"እንደሱ አላልኩም።"

"እንግዲያው ፈቃድ ጠይቅና ና። ለእማዬ ደግሞ ትንፍሽ እንዳትል፣ በሞቴ።"

እማዬ የምለው እናቱን ነው፤ እሱ እንደሚጠራቸው እኔም ለምጄ ነው። የምንኖረው የካ፣ ዳገቱ ላይ፣ ባሕር ዛፉ ከሚጀምርበት ዝቅ ብሎ፣ እሳቸው ግቢ ውስጥ ባለች ሁለት ክፍል ቤት ነው። ለምን እንዳይሰሙ እንደፈለግኩ ለመናገር ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ መናገር አለብኝ።

አማቴ በዓል አያልፋቸውም። ሚካኤል፣ ማርያም፣ ገብርኤል፣ መድኃኔዓለም፤ ወር በገባ በአንደኛው ቀን ጉልበታቸው እሺ ካላቸው እንጦጦ ራጉኤል ድረስ ይወጣሉ። ጉልበታቸው ስለሚያስቸግራቸው ካገባሁ ጀምሮ የምደግፋቸው እኔ ነኝ። ሐዋሳ እናቴ ቤት ሳለሁ ቤተ ክርስቲያን የምሄደው ለትልልቁ በዓል ብቻ ነበር፤ የወር አበባዬ ከመጣ ቤቴ እቀመጣለሁ፣ ማንም ልብ አይለኝም። እዚህ ግን መቅረት የለም፤ እሳቸውን ማን ያደርሳቸዋል? ስለዚህ እሄድና ከቅጽሩ ውጭ፣ ከአጥሩ ጥግ እቆማለሁ። "እኔ እዚሁ ልሁን" እላቸዋለሁ። "እሺ ልጄ" ብለው ጧፌን ተቀብለውኝ ይገባሉ። ሌላ አንዲት ቃል አይወጣቸውም።

ሰፈሩ ግን ያያል። ነጠላዋን ያጣፋች ሁሉ በአጠገቤ ስታልፍ አየት አድርጋኝ ነው የምትገባው። አዲስ ሙሽራ ሳለሁ ማንም ምንም አላለኝም። ሁለት ዓመት ሲያልፍ "አይዞሽ" ማለት ጀመሩ። ኧረ እንዴት ነው የጠላሁት ይሄንን አይዞሽ! የሌላ ሴት ደም የራሷ ጉዳይ ነው፤ የእኔ በየወሩ አጥር ሥር ቆሞ ይታወጃል። ዘንድሮም አልሆነም ማለት ነው፣ ያቺን ምስኪን እያት። አንዳንድ ቀን ዝም ብዬ ልግባ እላለሁ፣ ማን ያውቃል? ግን እፈራለሁ። ከእግዚአብሔር ጋር ተጣልቼ ደግሞ ልጅ ልለምነው?

የቀጠሮው ዋዜማ ዕለት ሐምሌ የገባ ሰሞን ስለነበር ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። እንጦጦ በጉም ተሸፍኖ የለም፤ ግቢው ጭቃ ነው፤ የታጠበው ልብስ ሁሉ አልደርቅ ብሎ ቤቱ ውስጥ ተንጠልጥሏል። ሱቄን ቀደም ብዬ ዘግቼ አልጋው ላይ ተቀምጬ፣ የስልኬን ካላንደር እያገላበጥኩ ቀኖቹን ለማስታወስ እታገላለሁ። ግንቦት ላይ መቼ ነበር? አንድ ዘመዳችን የሞተ ሰሞን ነው? ከሱ በኋላ ነው? ምንም የለም። አማቴ በራሳቸው ላይ ፌስታል ደፍተው በሩን ገፋ አድርገው ገቡ።

"ነገ ሐኪም ጋ ልትሄዱ ነው አሉ።"

ደሜ ፈላ። "ማን ነገረዎት?"

"ልጄ ነዋ። ማን ይነግረኛል?" ፌስታሉን አራግፈው በር ላይ ሰቀሉት። "ደግ አደረጋችሁ። ምን ላይ ነው እንዲህ ያፈጠጥሽው?"

አፍረው እንዲወጡልኝ ብዬ በግልጽ ነገርኳቸው። "የወር አበባዬ መቼ መቼ እንደመጣ ጠይቀውኛል። እሱን ነው የማስበው።"

አላፈሩም። ወንበሩን ስበው ተቀመጡ፣ ጉልበታቸውን ያዝ አደረጉና ወለሉን እያዩ ጀመሩ። "ሰኔ ማርያም ውጭ ነበርሽ። ግንቦት ማርያምም ውጭ። ሚያዝያ ለጊዮርጊስ ዝናብ ጥሎ ጃንጥላዬን ትቼልሽ ገባሁ፣ ያን ቀንም ውጭ ነበርሽ። መጋቢት መድኃኔዓለም ውጭ። ከዚያ በፊት የካቲት ኪዳነ ምሕረት ውጭ። እዚህ መሀል ላይ ዘግይቶብሻል።" ቀና ብለው አዩኝ። "ጥርንም ልንገርሽ?"

ሴትዮዋ የእኔን ማህፀን በቅዱሳኑ ወር በዓል ይዘውታል! ያሳፈረኝን ያህል ተናደድኩ። "እማዬ፣ አራት ዓመት ሙሉ ሲቆጥሩኝ ነው እንዴ የኖሩት?"

"ልቆጥርሽ ብዬ አይደለም ልጄ። ጧፉን የምቀበልሽ እኔ ነኝ። ተቀብዬሽ ገብቼ አለቅሳለሁ። ሰው ያለቀሰበትን ቀን ይረሳል?"

ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም። ቀኖቹን አንድ በአንድ፣ ጥርንም አስነግሬ፣ ስልኬ ላይ ጻፍኩና "በቃ፣ ስድስት ወር ነው ያሉኝ፣ ሞላ፤ እግዜር ይስጥልኝ" አልኳቸው። ይነሳሉ ብዬ ጠበቅኩ። አልተነሱም። የነጠላቸውን ጥለት በጣታቸው ይፈትሉታል።

"አምናውንም ብትነግሪያቸው ጥሩ ነው" አሉ።

"አምና ምን ነበር?"

"አምና ሚያዝያ ሥላሴ ውጭ ነበርሽ። ከዚያ ግንቦትን በሙሉ ገባሽ። ለሚካኤል ገባሽ። ለማርያም እንጦጦ ስንወጣ ገባሽ፣ ጠበሉንም ጠጣሽ። እኔ ከጎንሽ ቆሜ አይሽ ነበር። ምንም አላልኩሽም። ሳይጠና አይወራም ብዬ፣ ዓይን ይገባበታል ብዬ፣ ለእመቤቴ ብቻ ተሳልኩ። ከዚያ ሰኔ ሚካኤል ሲደርስ አልጋ ላይ ነበርሽ።"

ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነበር። እኔ የአምናውን ግንቦት እያሰብኩ ነው። ሱቄ ያለበት መስመር ለመንገድ ይፈርሳል ተብለን ዕቃ ስናወጣ፣ ቦታ ስንፈልግ፣ ከአንዱ ቢሮ ወደ አንዱ ስንመላለስ የከረምንበት ወር ነው። እንቅልፍ አልነበረኝም፣ ምግብ አይበላልኝም፣ ያቅለሸልሸኝም ነበር። ንዴት ነው ብዬ። መዘግየቱን እንኳን አውቄዋለሁ፤ የእኔ ሁሌም ይዘገያል። ድሮ ቢሆን ፋርማሲ ሮጬ መመርመሪያዋን እገዛ ነበር። ግን ስንቴ ገዛሁ? የሰፈራችን ፋርማሲ ያለችው ልጅ ስታየኝ ገና ሳልጠይቃት እጇን ወደ መደርደሪያው መስደድ ጀምራ ነበር። አፍሬ መግዛት አቆምኩ። ሳልመረመር የቀረሁት ያንን ወር ነው።

ከዚያ መጣ። እንደ ሌላው ጊዜ አልነበረም፤ ወገቤ ሊቆረጥ ደረሰ፣ የሚፈሰው ደም የሚቆም አልመሰለኝም፣ የረጋ ነገርም ነበረው። ባሌ የሕመም ማስታገሻ ገዝቶልኝ መጣ። በፕላስቲክ ጠርሙስ የሞቀ ውሃ ሞልቼ ሆዴ ላይ አድርጌ ተኛሁ። ሲዘገይ እንዲህ ነው የሚያደርገው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። አጥቤው፣ ውሃ አፍስሼበት፣ ተነስቼ ሱቅ ሄድኩ።

"እማዬ" አልኳቸው፣ ድምፄ የእኔ አይመስልም። "እርግጠኛ ነዎት?"

"እኔ ሰባት ወልጄ ሁለት ቀብሬያለሁ። ፊትሽን አይቼ አውቄያለሁ።" ከዚያ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። "ጀሪካኑን እኔ ነኝ ያሸከምኩሽ።"

"የምን ጀሪካን?"

"የማርያም ዕለት። ጠበሉን ሞልተን ስንወርድ። ቢጫውን ጀሪካን በጀርባሽ አዝለሽ ያንን ሁሉ ቁልቁለት ወረድሽ። እኔ ከኋላሽ እያየሁ ነበር። አስቀምጪው ልልሽ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን አትሸከሚ ካልኩሽ ለምን ትይኛለሽ። ለምን ካልሽኝ ደግሞ መናገሬ ነው። ፈራሁ። በዓይኔ እያየሁ ዝም አልኩ።"

ማልቀስ ነበረብኝ መሰለኝ፤ ያደረግኩት ግን መጮህ ነው። "ዓመት ሙሉ! ዓመት ሙሉ ለምን አልነገሩኝም?"

"ምን ብዬ ልንገርሽ? ሳታውቂው የሄደውን፣ አውቀሽ ከምትቃጠዪ ብዬ ነዋ። እኔ ብቻዬን ላልቅስለት ብዬ ነው።"

ላልቅስለት አሉ። የሚለቀስለት ነገር ነበር ማለት ነው። አንድም ቀን አርግዤ አላውቅም ብዬ ለዚያች ልጅ በስልክ የነገርኳት እኔ፣ ልጅ ይዤ የዩኒፎርም ጆንያ ስጎትት ከርሜ፣ ልጅ አጥቤ አፍስሼ፣ ሐዘኑን ሌላ ሰው ተቀምጦልኝ። የተናደድኩት በሳቸው ይሁን በራሴ፣ ወይም በዚያ ደጅ፣ ዛሬም አልለየሁትም። ብቻ አማቴ ፌስታላቸውን ደፍተው ሲወጡ "ደህና ይደሩ" እንኳን አላልኳቸውም።

በማግስቱ ሰፊውን ቀሚስ ለብሼ፣ ባሌ በተወለወለ ጫማው ጭቃውን እየዘለለ ከዳገቱ ወርደን ታክሲ ያዝን። መንገዱን ሙሉ አላወራሁትም። ከየት ይጀመራል? ሰው በተጠቀጠቀበት ታክሲ ውስጥ፣ የማያውቀኝ ሰው ክርን ጎኔ ውስጥ ተቀብሮ፣ ልጅ ነበረን ልበለው?

ሴት ሐኪም የለችም አሉን። ሸምገል ያሉ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉ ዶክተር ናቸው የተቀበሉን። ዕድሜ፣ ያገባሽበት ጊዜ፣ የደም ግፊት፣ ስኳር እያሉ ጠየቁኝ። ቀኖቹን ነገርኳቸው። "ጎበዝ፣ እንዲህ አስታውሶ የሚመጣ የለም" አሉኝ። ቀጥለው፣ ዓይናቸው ከወረቀቱ ሳይነሳ፣ "እርግዝና ነበረ?" አሉ።

ባሌ በእኔ ፈንታ "የለም" ሊል አፉን ከፈተ።

"አንድ" አልኩ። "አንድ ነበረ መሰለኝ። አምና ግንቦት ነው፣ ሰኔ ላይ ወርዷል።"

ባሌ ዞሮ አየኝ። "ለምን አልነገርሽኝም?" አለኝ በሹክሹክታ።

"እኔም ትናንት ነው የሰማሁት" አልኩት፤ ያኔ ነው ዕንባዬ የመጣው፣ ዶክተሩ ፊት፣ ያለ ምንም መሐረብ።

ዶክተሩ መነጽራቸውን አወረዱ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ አማቴ ያሉኝን፣ መዘግየቱን፣ ማቅለሽለሹን፣ ደሙን። ዓመት ካለፈው በኋላ በየትኛውም ምርመራ ማረጋገጥ እንደማይቻል፣ ሊሆንም ላይሆንም እንደሚችል ነገሩኝ። "እንደ እርግዝና ልጻፈው?" ብለው ጠየቁኝ። እንዲህ ያለውን ነገር ለእኔ ይተውታል ብዬ አልጠበቅኩም።

"ይጻፉት" አልኳቸው። ከዚያ ስለ ጀሪካኑ ጠየቅኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ዕቃ በመሸከም እንዲህ በቀላሉ እንደማይወርድ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚወርደው አብዛኛው ገና ከመነሻው ሳይስተካከል የቀረ እንደሆነ፣ ማንም ሰው ጥፋተኛ እንዳልሆነ ቀስ ብለው አስረዱኝ። ለእኔ የደም ምርመራና አልትራሳውንድ፣ ለባሌ ደግሞ የዘር ምርመራ አዘዙ። ባሌ ምንም አላጉረመረመም። አልጋው ላይ ስወጣ ጎረቤቴ እንዳለችው ጣራውን እያየሁ ሌላ ነገር ላስብ ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። ይወለዳል ወይ አይወለድም የሚለውን ገና አላወቅንም፤ ውጤቱ ሲደርስ ተመለሱ አሉን።

ቤት ስንደርስ አማቴ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር፣ ዝናቡ የማይደርስበት ቦታ ቆመው ይጠብቁን ነበር። ባሌ ሰላም ሳይላቸው፣ ዓይናቸውንም ሳያይ ወደ ቤት ገባ። እኔ አጠገባቸው ቆምኩ። ትናንት ስለጮህኩባቸው ይቅርታ ማለት ነበረብኝ፤ አልወጣልኝም።

"ዶክተሩ ከጀሪካኑ አይደለም አሉ" አልኳቸው። "ከመነሻው ያልሆነ ነው አሉ። ማንም አላጠፋም።"

"ደግ ሰው ናቸው" አሉ።

"ደግነት አይደለም እማዬ። ሐኪም ናቸው፣ ስለሚያውቁ ነው የነገሩኝ።"

"እሺ ልጄ።" እንዳላመኑኝ አውቄያለሁ። እንዲያምኑኝ ደግሜ ደጋግሜ ልነግራቸው አስቤ ነበር፤ የደም ምርመራውንም፣ የሚቀጥለውን ቀጠሮም፣ ገና ተስፋ መኖሩንም። እሳቸው ግን የሚሰሙኝ አይመስሉም። ዓይናቸው በጭቃ የተሞላው ግቢ ላይ ነው።

"ጥር ላይ ነበር የሚወለደው" አሉ። "ይሄኔ ቁጭ ማለት ይጀምር ነበር።"